ማንም የማያየው ስክሪን

ጋሽ ሽቦን ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። እኔ መዝገብ ቤት፣ እሳቸው ከጎኔ ባለችው ሰርቨሩ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል። ስሙን ያወጣላቸው ቅጥነታቸውና ከኪሳቸው የማይጠፋው የሽቦ ቁራጭ ነው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። ሥራቸውን በደንብ መግለጽ መቻሌን እጠራጠራለሁ። እንደነገሩኝ ልጻፈው።

ቢሯችን መሬት ይለካል። ባለጉዳይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድረ ገጻችን ላይ የቦታውን ቁጥር ሲያስገባ፣ ሰርቨሩ ካርታውን ስሎ ይልክለታል። ካርታ የሚስለው ፕሮግራም ግን ያረጀ ነው፤ ስክሪን ካላገኘ አልስልም ይላል። ሰርቨሩ ደግሞ ስክሪን የለውም። ስለዚህ ጋሽ ሽቦ የውሸት ስክሪን አደረጉለት፤ ያን አሮጌ ፕሮግራም "ይኸው ስክሪን" እያለ የሚያታልል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው።

"እና የት ነው ያለው?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የትም።"

"ታዲያ ምን ላይ ነው የሚስለው?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ እታለም። የለም። ግን አለ።"

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ ይነሳል፤ የውሸቱ ስክሪን ግን ሰው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ ጽፎ ካላስነሳው አይነሳም። በዚህ ምክንያት ጋሽ ሽቦ ለዓመታት ፈቃድ ወጥተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን እናታቸው ሌላ ከተማ የዓይን ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ሆነ፤ ቀኑም ሐሙስ ተባለ። "ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ አንተን ልይ" ብለዋቸዋል። ኃላፊያችን ደግሞ "ስክሪኑ ከማሽኑ ጋር ራሱ መነሳቱን አሳዩኝና ሂዱ፤ አለዚያ ፈቃድ የለም" አሏቸው።

ጋሽ ሽቦ ስክሪኑን ከማሽኑ ጋር የሚያስነሳ ፋይል ጻፉ። ሰኞ ማሽኑን አጥፍተው አበሩት፤ ገብተው አዩ፤ ስክሪኑ ተነስቷል። ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ሄዱ። ከሥራ ሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ፤ ማክሰኞ ጠዋት ካርታ የለም። እየሮጡ መጥተው ገቡ። ስክሪኑ አለ! አጠፉ፣ አበሩ፣ ገቡ። አለ። አሁንም እንደዚያው።

"ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ልጅ ሆነብኝ" አሉ ጭንቅላታቸውን እያከኩ።

ጥበቃው ብቅ ብሎ "ጋሽዬ፣ እርስዎን ወዶ ነው። ፎቶዎን ይስቀሉለትና ይሂዱ" አላቸው።

"ሂድ አንተ፣ በርህን ጠብቅ!"

ትንሽ ቆይተው ግን ወደ እኔ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፎቶ መቼም አይጠቅምም፣ አይደል?" አሉኝ።

ረቡዕ በቀትር አውቶቡስ መሄድ ነበረባቸው። ጠዋት ሻንጣቸውን ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጠው ማሽኑን አጥፍተው አበሩት። ሊገቡ ሲሉ ስልካቸው ጠራ፤ እህታቸው ነበረች። "አዎ፣ እመጣለሁ በያት" እያሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እኔ ዝም ብዬ ከራሴ ኮምፒዩተር አንድ የቦታ ቁጥር አስገባሁ። የመጣው ባዶ ነጭ ገጽ ነው።

"ጋሽዬ፣ የለም!"

ስልኩን እንኳ ሳይዘጉ ሮጠው መጥተው ማሽኑ ውስጥ ገቡ። "ኧረ አለ! ይኸው!"

እንደገና ሞከርኩ። ካርታው መጣ።

"ምን አደረጉት?"

"ገባሁ እንጂ ምን አደረግኩ?"

"ሲገቡስ... ምንድን ነው የሚያደርጉት?" አልኩ። የሞኝ ጥያቄ መሰለኝና አፈርኩ።

"ስሜንና ፓስወርዴን..." አሉ። ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። "ወይ ጉድ!"

ለካ አምና አንድ ቀን ስልችት ብሏቸው፣ "እኔ በገባሁ ቁጥር ስክሪኑን አስነሳ" የምትል አንዲት መስመር በራሳቸው መግቢያ ላይ ጽፈው ነበር። እጃቸው ግን ለምዶ ትእዛዙን መጻፉን ስላልተወ መስመሯን ረሷት። ሰኞም ማክሰኞም ስክሪኑን ያስነሳው፣ ተነስቶ እንደሆነ ለማየት መግባታቸው ነበር።

መስመሯን ሰረዙ። አጠፉ፣ አበሩ፣ ገቡ።

"የለም!" ብለው ጮኹ። "እታለም፣ ዓይኔ እያየ የለም! ተመስገን!"

ጥበቃው ምን ተገኘ ብሎ እየሮጠ መጣ።

የቀረው ቀላል ነበር። አዲሱን ፋይል ጽፈውታል እንጂ፣ ማሽኑ ሲነሳ እንዲያነበው አላዘዙትም ነበር። አዘዙት። ከዚያ ማሽኑን እንደገና አስነሱና "አሁን እኔ አልገባም" ብለው እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡ። "አንቺ እዪው።"

ቁጥር አስገባሁ፤ ካርታው መጣ። ኃላፊው አይተው ፈረሙላቸው። ጋሽ ሽቦ ሻንጣቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ ሁለት ጊዜ ከበር ተመለሱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። ካርታው ሲመጣልኝ ደወልኩላቸው።

"ማንም አልገባም?"

"ማንም።"

"በሩንስ የከፈተ የለም?"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ጋሽዬ።"

"እንግዲህ እንጃ" አሉ። ከጀርባቸው የእናታቸው ደከም ያለ ድምፅ ተሰማኝ።

"ያ የማይታየው ቴሌቪዥንህ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"በራ?"

"በራ አሉኝ። እኔ አላየሁትም።"

"አይዞህ" አሏቸው፣ "እኔም እስከ ነገ አላይም።"