የሐሙስ የጸሎት ርዕስ

ልጄ ጉብሬ ካምፓስ ሕግ ትማራለች። አንድ የፍልስፍና ኮርስ ወስዳ ወደደችውና «ሁለተኛ ዋና ትምህርቴ ላደርገው ነው» አለችኝ። በየሐሙሱ ወልቂጤ ቤቴ ለሚሰበሰቡት እህቶች እሷ ሳታውቅ የጸሎት ርዕስ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ልጄ ይህን ሐሳብ እንድትተው። ፍልስፍና የተማረ እግዚአብሔርን ይክዳል ሲባል ሰምቼ ፈርቼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ስለዚሁ እየጸለይን በሩ ተከፈተ። ልጄ ነበረች፤ ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ ገባች። ስሟ ሲጠራ ሰማች። ጫማዋን አውልቃ በሩ አጠገብ ተንበረከከች፤ አሜን እስክንል ጠበቀች።

«ስለ እኔ ነው?»

«ስለ አንቺ ነው ልጄ፣ ምን እንደብቅሻለን» አሉ ጸሎቱን የሚመሩት ታላቅ እህታችን። «እግዚአብሔር የለም ብለው ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

«አለ ወይ ብለው ይጠይቁናል። እኛ ምክንያታችንን እንጽፋለን።»

«አንቺ ምን ጻፍሽ?»

«አባቴ ባረፈ ሳምንት እማዬ እግዚአብሔርን ስታመሰግን ያየሁትን። መምህሩ ይህ ማስረጃ አይሆንም አለኝ። ለሌላ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው አልኩት።»

«ስንት ሰጠሽ?»

«ቢ።»

«ለእግዚአብሔር ቢ!» አለች አንዷ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ኧረ ለእኔ ነው!» አለች ልጄም እየሳቀች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ዳኛ ነው መሆን የምፈልገው። ሕጉ ምን እንደሚል እየተማርኩ ነው። ሁለት ሰዎች ፊቴ ቆመው ሲከራከሩ የማን ምክንያት እንደሚጸና ለመለየት ግን ፍልስፍናው ይረዳኛል። አንቺ ካልመረቅሽኝ አልመዘገብም።»

ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ንግግር አልችልበትም። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ጠብቀሃታል። እዚያም አብረሃት ግባ» አልኩ። እህቶች የምቀጥል መስሏቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆዩ። እኔ አሜን አልኩ።

ሰኞ ተመዘገበች። አሁን የሐሙስ ርዕሳችን ፈተናዋ ነው። ታላቅ እህታችን ግን ቤታቸው ለብቻቸው ሲሆኑ በድሮው ርዕስ እንደሚጸልዩ ነግረውኛል። አልተቃወምኳቸውም። ስለ ልጄ የሚጸልይ ሰው አይበዛብኝም።