የእጅ ፍሬን ያለው ዥዋዥዌ

ባለቤቴ ዕድሜ ልኩን የመኪና ፍሬን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ጡረታ ሲወጣ ጋራዡን ተወ እንጂ ፍሬኑን አልተወም። ቤታችን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ማስቆሚያ አለው። በሮቹ ከሥራቸው ሽብልቅ አላቸው። አፈር የምገፋበት ጋሪ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ካልተደረገለት ሰውዬው እንቅልፍ አይወስደውም። ሶፋ ስንገዛ እግሮቹ ሥር ትናንሽ ጎማዎች ነበሩት፤ ገና ከሱቅ እንደመጣ አራቱንም ነቅሎ ጣላቸው።

«ሶፋ የት ይሄድብኛል ብለህ ነው?» ስለው፣

«የትም እንዳይሄድ ነዋ» አለኝ።

የልጃችን ባል ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኛ ዘንድ ገባች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ትልቋ ሴት ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በምላሷ ግን ከእኔ ትበልጣለች። ትንሹ ወንድ ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይሮጣል። ታዲያ አያታቸው ከበረንዳው ወንበር ላይ ሆኖ «አትሩጡ! ከዚያ ውረዱ! ቀስ! ቀስ በሉ አላልኳችሁም?» ሲል ይውላል። ልጆቹም በመጨረሻ ግቢውን እርግፍ አድርገው ትተው ቴሌቪዥኑ ፊት ተተከሉ።

አንድ ቀን ራት ላይ ልጄ ነገሩን አወጣችው።

«እማዬ፣ ደላላ ቤት አግኝቶልኛል። ሰፊ ግቢ አለው። ቅዳሜ ሄጄ ላየው ነው።»

«እዚህ ምን ጎደለሽ?»

«ለእኔ ምንም አልጎደለኝም። ልጆቼ ግን እንደ እኔ እንዲያድጉ አልፈልግም።»

ይህን ስትል አባቷን አላየችውም፤ እሱም ከሳህኑ ላይ ቀና አላለም። እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። በልጅነቷ ብስክሌት ገዝቶላት ነበር። ፍሬኑን ከማጥበቁ የተነሳ ጎማው ወይ ፍንክች! «አባዬ፣ አንዴ ብቻ አላላልኝ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ትለምነዋለች፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ልጄ ብስክሌቷን እየገፋች በእግሯ የምትሄድ የሰፈሩ ብቸኛ ባለብስክሌት ሆና ቀረች። ዛፍ አልወጣች፣ ግንብ አልዘለለች፣ ዋና አልተማረች።

በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ መሰላችሁ። «እኔ ያየሁትን አንቺ አላየሽም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አላየሁም። ፍሬናቸው እምቢ ብሎ የተጋጩ መኪኖች እየተጎተቱ የሚመጡት እሱ ጋ ነበር። ብስክሌቱን ያጠበቀ ዕለት ከአንዱ መኪና የኋላ ወንበር ሥር አንድ እግር የልጅ ጫማ አግኝቷል። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈረም፤ ቤት ገብቶ ራቱን ሳይበላ መፍቻውን ይዞ ወደ ብስክሌቱ ሄደ። ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላዋል። ልጄን ሳይ ደግሞ በእሱ እናደዳለሁ። ሁለቱን አስማምቼ አላውቅም።

ለማንኛውም ያን ቀን ራት ላይ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ልጃችንን «እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ» አላት። «ዥዋዥዌ እሠራላቸዋለሁ።»

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ዥዋዥዌ! ይህ ሰው!

በማግስቱ እንጨት አስጭኖ መጣ። እንጨት ስላችሁ ቀጭን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ተንጠራርቶ «ጋሼ፣ ድልድይ ነው ወይስ ፎቅ?» ብሎ ጠየቀው። አናጢነት ሞክሮ አያውቅም። ብረት ያልበገረው ሰው እንጨት አያቅተውም አለ፤ እንጨቱ ግን አሳየው። አንዱን እግር ሲቆርጥ ረዘመ። ረጅሙን ሲያሳጥር ከሌላው አነሰ። ያንን ሲያስተካክል ይኼኛው በለጠ። «በዚሁ ከቀጠልክ ለዶሮ የሚሆን ዥዋዥዌ ይወጣሃል» ስለው ነው መጋዙን አስቀምጦ ሜትር ያነሳው። ከዚያ የቲማቲም መደቤ ላይ አራት ጉድጓድ ቆፈረ፣ እግሮቹን ተከለ፣ ሲሚንቶ አፈሰሰባቸው፣ አግዳሚውን ክንድ በሚያህሉ ብሎኖች አሰረ። እኔ ስለ ቲማቲሜ ስጮኽ የሰማኝ የለም።

መቀመጫውን ግን እንዴት እንደሠራው ባያችሁ! ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ዋለ። ስንጥር ቀርቶ እንደሆነ ብሎ በጉንጩ ይዳስሰዋል፣ እንደገና ይፈገፍገዋል፣ እንደገና በጉንጩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ወደድኩት።

ፍቅሬ ብዙ አልቆየም። መቀመጫውን በሰንሰለት ፋንታ በሁለት የብረት ዘንጎች አንጠለጠለው። ዘንጎቹን ከአግዳሚው ሥር ከሚሽከረከር ቧንቧ ጋር በየዳቸው። ከቧንቧው ጫፍ ጎማ ይዞ የሚያቆመውን የመኪና ፍሬን ታምቡር ገጠመ። ከታምቡሩ ካቦ እየሳበ እስከ በረንዳው ወንበር መጣና ወንበሩ አጠገብ አንድ ማንሻ ተከለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእጅ ፍሬን።»

«ለዥዋዥዌ?»

«ታዲያ በምን ሊቆም ነው?»

«ራሱ ይቆማላ!»

«ራሱ ይቆማል ያሉኝን ሰዎች መኪና ስጎትት ነው የኖርኩት» አለኝ።

ቀጥሎ ሙከራ ሆነ። መጀመሪያ አንድ ከረጢት ዱቄት አወዛወዘና ፍሬኑን ሳበ፤ ቀጥ አለ። ከዚያ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ጫነ፤ ቀጥ አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«በል ተወው!» አልኩት። «ከሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ቀጥሎ ነው የምጠራው?»

ቢሆንም ተቀመጥኩ። ፍሬኑ ይሠራል፤ ወገቤ ምስክር ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እየበረሩ መጡ። ትልቋ ወጣች፣ እግሯን ሰበሰበች፣ ዘረጋች፣ ትንሽ ከፍ አለች፤ አያቷ ማንሻውን ሳበ፤ ቀጥ! እንደገና ጀመረች፤ ቀጥ! ትንሹ ተተካ፤ እሱን ገና ሳይነሳ ነው የያዘው።

«አባባ፣ መሄድ ሲጀምር ለምንድነው የሚቆመው?» አለች ልጅቷ።

«እንዲቆም አድርጌ ስለሠራሁት ነዋ።»

«እንዲሄድስ ማን ይሥራው?»

ልጅቷ የወንድሟን እጅ ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ልጄ ከበሩ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አይታለች። ነገ ቤቱን ልትይዘው ነው፣ ልጆቹም ሄዱብን አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ደላላው በር ላይ ቆሞ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃታል። ልጄ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ልጅቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ከባድ ነሽ። ምናልባት ለአንቺ አይቆም ይሆናል።»

ልጄ ሳቀች። ዥዋዥዌውን አየች፣ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና ተቀመጠችበት። ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ እጁን ማንሻው ላይ አደረገ።

በእግሯ መሬቱን ገፋች። ሄደች፣ ተመለሰች። ትንሽ ከፍ አለች። «ቀስ፣ ልጄ» አለ እሱ። ክንዱ ሲወጠር አየሁ፤ ያንን ክንድ አውቀዋለሁ፣ አሁን ሊስብ ነው።

«አባዬ፣» አለች እየተወዛወዘች፣ «አንዴ ብቻ!»

እጁን ከማንሻው ላይ አነሳ። አነሳና ሁለቱንም እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው፤ ዓይኑንም ጭፍን አደረገ።

ልጄ ከፍ አለች። ሌላ ከፍ አለች። ጫማዋ ከአጥሩ በላይ ታየ። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ጎረቤቱ በአጥር ተንጠራርቷል፣ ደላላው ሳይጠራ ግቢ ገብቷል።

«እህቴ፣» አለ፣ «ብንፈጥን ይሻላል፣ ሌላ ሰው ይቀድመናል!»

«ይቅደመን!» አለች ከላይ። ቤቱን እንደተወችው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ደላላው ዥዋዥዌውን ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ዝምተኛው የልጅ ልጄ እጅጌውን ጎተተና «ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ» አለው።

«ወረደች?» አለኝ ባለቤቴ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«አልወረደችም። ዓይንህን ግለጥና እያት።»

«አልችልም። አንቺ እያየሽ ንገሪኝ። ይዛለች?»

«በሁለት እጇ።»

«ብሎኑ አይንቀሳቀስም?»

«ፍንክች አላለም።»

«ምን እያደረገች ነው?»

«እየሳቀች ነዋ፤ አይሰማህም?»

አዳመጠ። እጆቹን ከሥሩ አላወጣም።

«እሺ፣» አለ። «እሺ፤ ትቆይ።»