የማይዘጋው ቀለበት

ሰው እንጦጦን ሲያይ ንጹሕ አየሩ ይታየዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ያን ጋራ ቀና ብዬ ማየት አልወድም ነበር። እናቴ ከዚያ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባዋ እያወረደች ሾላ ገበያ ትሸጣለች፤ እኔንና ታናሽ እህቴን የምታሳድገን በዚያ ነው። አብራት የምትወጣው ጎረቤታችን አግብታ ከሰፈር ከሄደች ወዲህ ብቻዋን ቀረች። ጫካው ውስጥ ጅብ አለ፣ ገመድ የሚቀማ ዘበኛ አለ፣ ከዘበኛውም የከፋ ሰው አለ። አንድ ቀን ነጠላዋ ተቀዶ ያለ ሸክም ተመለሰች። ምን እንዳገኛት አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

«ከእንግዲህ ብቻዬን አልወጣም» ብቻ አለች፣ እኔን እያየች። ታላቋ እኔ ነኝ።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ እትዬ የምንላቸው ባልቴት ልጃገረዶች ሰብስበው ዳንቴል ያስተምሩ ነበር። በኪሮሽ አይደለም፤ ከጣት በማትበልጥ፣ የሸማኔ መወርወሪያ በምትመስል፣ ክር በተጠቀለለባት የቀንድ ዕቃ ነው። የሚያስቀሩት የክሩን ቋጠሮ ሰብስባ ቀለበት መዝጋት የቻለችውን ብቻ ነው። እናቴ እስከ ፍልሰታ ጾም ታገሠችኝ። እትዬ ካስቀሩኝ ዳንቴል እሠራለሁ፤ ካሰናበቱኝ ጋራውን እወጣለሁ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ክሩን ግራ እጅ ላይ ጠምጥሞ፣ መወርወሪያዋን በሥሩ አሹልኮ መቋጠር፣ ከዚያ በላዩ መልሶ መቋጠር። ቋጠሮዎቹ ከተደረደሩ በኋላ ክሩ ሲሳብ ተሰብስበው ቀለበት ይሆናሉ። የእኔዎቹ ግን ብስባቸው ብስባቸው ክሩ ይበጠሳል እንጂ ንቅንቅ አይሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ዳንቴል ነው የምትሠሪው ወይስ በሬ ነው የምታስሪው?» ይሉኛል እትዬ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

እውነታቸውን ነው። እኔ የማውቀው እናቴ ያስተማረችኝን የሸክም ቋጠሮ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ በጉልበት ነው፤ ከላላ ቁልቁለቱ ላይ እንጨቱ ሰውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በቋጠርኩ ቁጥር ሁለቱንም እጄን እወጥራለሁ። ስፈራ ይብስብኛል፤ የክፍሉ መስኮት ደግሞ ወደ እንጦጦ ነው የሚያየው። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለእናቴም የማልሆን ፈሪ ነበርኩ።

ጾሙ ሊገባ ሲል እትዬ ከፊቴ መጥተው ተቀመጡ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጌ ክሩን እስኪበጠስ ወጠርኩት።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራሽ? እኔ ነኝ?»

«እርስዎ አይደሉም እትዬ» አልኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «እንጦጦ ነው።»

እትዬ ተነሥተው የመስኮቱን መዝጊያ ገጥመው ተመለሱና ግራ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አሹልኝ። «ቀኝሽ ሲስብ ግራሽ ይልቀቅ። ቋጠሮው ራሱ ይዞራል» አሉኝ።

ቀኜን ስቤ ግራዬን ለቀቅኩት። ቋጠሮው ከጣቴ ሥር ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እጥፍ ሲል ተሰማኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻ ክሩን ስስበው ቀለበቱ ያለ ግብግብ ክትት ብሎ ተዘጋ።

«በይ እንግዲህ፣ ነገም ነይ» አሉኝ እትዬ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ የክር ቀለበቱን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሰይ የእኔ ልጅ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ገመዱን ከተሰቀለበት አወረደችና እህቴን ወደ ጭራሮው ጠራቻት።

«ነይ፣ አስተሳሰሩን ላሳይሽ» አለቻት። «ጠበቅ አድርገሽ ሳቢው፤ እንዳይላላ።»

እህቴ በትንንሽ እጆቿ ገመዱን ይዛ እየሳቀች ሳበችው። ጨዋታ መስሏት ነበር።