ቀይ እጀታ ያለው ብሩሽ

ብራንዲዋይን የተባለችው የጦር መርከብ ልትመለስ ነው የሚለውን ወሬ ዊላዲን ፌርሊ የሰማችው ምሳ ሰዓት ላይ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ነው። ወሬውን ያመጣው የክሬን ሠራተኛ እውነት በመናገር የሚታማ ሰው ስላልነበረ ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። በማግስቱ ግን የሥራ ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፦ ባለ ሚሳይል ክሩዘር፣ ርዝመት አንድ መቶ ሰባ ሦስት ሜትር፣ ሙሉ እድሳት፤ ከወለሉ በላይ ባለው የአሉሚኒየም ቤት ላይ የስንጥቅ ምርመራ። ዊላዲን እስከ ታች አነበበችው። ጓንቷን አጠለቀችና ሄደች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ተመልሳ አነበበችው።

ስድሳ ዓመቷ ነው። ዓሣ በቆርቆሮ በሚያሽግ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ «ከዓሣ ሽታ የብየዳ ጭስ ይሻለኛል» ብላ በወንዙ አፍ ላይ ወዳለው መርከብ መሥሪያ ስትገባ፣ በአሉሚኒየም ክፍሉ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ጭስ ነው። ዛሬ ሞስ ፖይንት ከተማ ውስጥ የብየዳ ጭምብል የሚያጠልቅ ሰው ሁሉ «ሚስ ዊላ» ይላታል፤ ግማሹን ያስተማረችው እሷ ናት።

በግቢው ደንብ እያንዳንዱ በያጅ ከሠራው ስፌት አጠገብ የግል ቁጥሩን በመዶሻ ይመታል። የእሷ 417 ነው። 417 የተመታበት ስፌት ራጅ ተነሥቶ እንከን ተገኝቶበት አያውቅም። ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ ስትወጣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ፣ ማኅተሙም በመስታወት ሣጥን ሆኖ ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተወስኗል። ሣጥኑ ተሠርቶ አልቋል።

ስለ 417 ግን ከእሷ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ።

አሉሚኒየም ቅንጡ ነው። ከመበየዱ በፊት በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ብሩሹም ከማይዝግ ሽቦ የተሠራ፣ ተራ ብረት ነክቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ብረት የነካ ብሩሽ ብናኝ ይተዋል። ብናኙ ስፌቱ ውስጥ ይቀበራል፤ ዓመት ሲቆይና የባሕር ጨው ሲደርሰው ላዩ እንዳማረበት ከውስጥ እየበላ ይሄዳል። ስለዚህ የብሩሾቹ እጀታ ቀለም ይቀባል፤ ሰማያዊ ለአሉሚኒየም፣ ቀይ ለብረት። ሁለቱን ማሳሳት ጨውን ከስኳር እንደማሳሳት ነው። ሰው ግን ጨውና ስኳርም ያሳስታል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ብራንዲዋይን ገና ውኃ ሳትነካ፣ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለና ግቢው እኩለ ቀን ላይ እንዲዘጋ ታዘዘ። ዊላዲን የራዳር ክፍሉ ጀርባ፣ ከመሰላሉ ሥር፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ተጋድማ ነበር።

«ዊላ! ውጪ!» አለ ፎርማኑ ሆሊስ ከውጭ ሆኖ።

«ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቀረኝ!»

«ነፋሱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቀራት ብሎ የሚያዝንልሽ መሰለሽ?»

«አሥር ደቂቃ፣ ሆሊስ!»

«አምስት! ከዚያ መብራቱን ነቅዬ እሄዳለሁ!»

እጇን ወደ ኋላ ልካ በዳበሳ ብሩሽ አነሣች። ፈተገች፤ በየደች፤ 417ን መታች። ወጥታ ዕቃዋን ስትሰበስብ ነው እጇ ላይ ያለውን እጀታ ያየችው። ቀይ ነበር።

ልጆቿ ጎረቤት ናቸው፤ ዝናቡ ጀምሯል። ሄደች። ከስምንት ቀን በኋላ ግቢው ሲከፈት ሌላ ቡድን ቀድሟት ገብቶ ቦታውን በሙቀት መከላከያ ሸፍኖ፣ ፊቱ ቁም ሣጥን አቁሞ ዘግቶት አገኘችው። ሁሉም ስፌት ራጅ አይነሣም፤ ያ ጠባብ ቦታም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ሆሊስ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄደች። በመጀመሪያው አልነበረም። በሁለተኛው ነበረ፤ «ምን ፈለግሽ?» ሲላት «ጓንት አልቆብኛል» አለችው። «ሴት ብየዳ አትችልም አላልንም?» ለማለት የተዘጋጀ አፍ ሁሉ በሩ ላይ የቆመ መስሏት ነበር። ሆሊስም ጓንቱን ሰጣት።

መርከቧ ዓለምን ዞረች። ስሟ የመጠጥ ይምሰል እንጂ ጠብታ መጠጥ አይገባባትም እያሉ መርከበኞቿ ይቀልዱባታል። በኩዌት ጦርነት ጊዜ ሚሳይል ተኮሰች። ኖርዌይ አጠገብ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ማዕበል ተጫወተባት። በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ወንበዴ አባረረች፤ ውኃ ያለቀባቸው ሠላሳ አንድ ዓሣ አጥማጆችን አውጥታ መገበች። ዊላዲን ጋዜጣ ላይ የወጣውን ሁሉ እየቆረጠች ታስቀምጥ ነበር። «መርከቧን ብትወዳት ነው» ይላሉ ልጆቿ። እሷ ግን እያንዳንዱን ወሬ ስታነብ መጀመሪያ የምትፈልገው የተጎዳ ሰው መኖር አለመኖሩን ነበር።

ብራንዲዋይን ገብታ ስትታሰር የመርከቧ የጥገና ክፍል አለቃ ግሬዲ ሎት ደብተር ይዞ ጠበቃት። በሦስት ጊዜ ምደባ አሥራ አንድ ዓመት በዚህችው መርከብ ላይ ትራፓኖ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ስንጥቅ ሲያገኝ ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሁሉንም መዝግቧቸዋል፤ ሁሉም ስም አላቸው።

«ይቺ 'ኖርዌይ' ናት» አለ ገጹን እያሳያት። «ይቺ 'ኤደን'። ይቺ ደግሞ 'አማት'።»

«ምን አድርጋ ነው አማት የተባለችው?»

«ሂጂ ሲሏት ትቆማለች፣ ቁሚ ሲሏት ትሄዳለች።»

«ሚስትህ ይህን ታውቃለች?»

«ስሙን ያወጣችው ሚስቴ አይደለች እንዴ!»

የጥራት ተቆጣጣሪዋ ቱዬት ፋም ሣቀች። ቱዬት የሽሪምፕ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ብየዳ ከሚስ ዊላ ተምራ ወደ ቁጥጥር የተሻገረች። ቀይ ቀለምና ነጭ ዱቄት ከቦርሳዋ አይለይም። ቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ላዩ ተወልውሎ ዱቄት ሲነፋበት ስንጥቁ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሦስቱም ቀናቸውን እየቆጠሩ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የባሕር ኃይሉ ኮሚሽን ይመጣል፤ መርከቧ ተጨማሪ ዓመታት ታገልግል ወይስ ተቆራርጣ ትሸጥ የሚለው ያን ቀን ይወሰናል።

ዊላዲን ደብተሩን ተቀብላ ገጽ በገጽ አገላበጠችው።

«ከራዳር ክፍሉ ጀርባ፣ ከመሰላሉ ሥርስ?»

«እዚያ ምንም የለም፣ ሚስ ዊላ።»

«አይተኸዋል?»

«ከተሠራች ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።»

«እንግዲያ 'የለም' አትበለኝ። 'አላየሁም' በለኝ።»

«አላየሁም፣ እመቤቴ።»

«ይከፈት።»

ሎት ወደ ቱዬት ዞረ። «ሁለት ቀን ይበላል እኮ። ምን ብለን ነው የምንከፍተው?»

ቱዬት መምህሯን አየቻት። «'ጥርጣሬ' ብዬ እጽፋለሁ። ሚስ ዊላ ከጠረጠሩ ለእኔ ይበቃኛል።»

ቁም ሣጥኑ ተነሣ፤ መከላከያው ተገፈፈ። ሠላሳ ዓመት ጨለማ ውስጥ የቆየው ስፌት የትናንት ሥራ መስሎ ወጣ፤ ሞገዱ እኩል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ። አጠገቡ 417። ሎት አፏጨ። ቱዬት ቀለሙን ቀባች፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች፤ ወልውላ ዱቄቱን ነፋችበት። ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ንጹሕ ነው» አለች እስክሪብቶዋን እያወጣች። «ልዝጋው?»

ይኸው፣ ሠላሳ ዓመት የፈራችው ነገር በምስክር ፊት ንጹሕ ተባለላት። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት፤ በዝምታው ደግሞ ልምድ አላት። ነገር ግን ሥራውን ታውቀዋለች። ቀይ ቀለም የሚያሳየው ወደ ላይ የወጣ ስንጥቅ ነው፤ ብረት የሚበላው ከውስጥ ነው። ከግድግዳው ማዶ የራዳር ሠራተኞች ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ስትገባ አይታቸዋለች። አንደኛው ሰው ወንበሩ ላይ ትራስ በገመድ አስሯል፤ ብዙ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው መሆን አለበት።

«አትዝጊው» አለች። «ራጅ ይነሣ።»

«ለራጅማ ጥርጣሬ አይበቃኝም፣ ሚስ ዊላ። ምክንያት ልጻፍ።»

«በቀይ እጀታ ነው የተፈተገው።»

«ማን አይቶ?»

«ፈታጊዋ።»

የቱዬት እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ሎት ቁጥሩን አየ፤ እሷን አየ፤ ተመልሶ ቁጥሩን አየ።

«ይህን ከጻፍኩት እኮ...» አለች ቱዬት።

«ምን እንደሚከተል ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ጻፊው። ጽሕፈትሽን ደግሞ አሳምሪው፤ የዶሮ ጭረት አታድርጊብኝ።»

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ከመርከቧ ወጥቶ ራጁ ተነሣ። ፊልሙ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ የተበተኑ ነጠብጣቦች ታዩ፤ በመካከላቸው ጣት የሚያህል፣ ፀጉር የመሰለ መስመር። መስመሩ የሚሄድበትን ያውቃል፤ ወደ በሩ ማዕዘን። ማዕዘን ላይ የደረሰ ስንጥቅ ደግሞ በትራፓኖ አይመለስም።

«ምን ያህል ይቀረው ነበር?» አለች ዊላዲን።

ሎት ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። «አንድ ጉዞ። ኖርዌይን የመሰለ ካጋጠመን ግማሽ።»

ደንብ ዘመድ የለውም። 417 ታገደ። እንከን የተመዘገበበት በያጅ እንደገና ካልተፈተነ ሥራ አይነካም። የመስታወት ሣጥኑ ባዶውን ዕቃ ቤት ገባ። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ፣ ሦስት ወር ለቀረሽ ፈተና ምን ያደርግልሻል፣ እቤትሽ ሁኚ፣ ደመወዝሽ ይደርስሻል አላት። ቅንነቱ አልጠፋትም።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «ግን ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ሥራ ቀርቶኛል።»

በማግስቱ ራሷ ካስተማረቻቸው ስድስት ሠልጣኞች ጋር ተሰለፈች። ፈታኙ ኦረን በአንድ ዓመት ከእሷ ጋር የተቀጠረ ሰው ነው። ቀና ሳይል ቅጹን ሳበ።

«ስም?»

«አብደሃል እንዴ፣ ኦረን?»

«ስም የሌለው ተፈታኝ ተራው ያልፈዋል።»

«ዊላዲን ፌርሊ።»

«ልምድ?»

«ያንተን ያህል። እንከኔ ግን አንድ ብቻ ነው። ያንተን እዚህ ልቁጠረው?»

ሰልፉ በሣቅ ፈረሰ። ኦረን ግን ሰዓቱን በደንቡ ያዘባት፤ አንዲት ደቂቃ አልጨመረላትም፤ ብትጨመርላትም ትቆጣ ነበር። የበየደችው ቁራጭ በመጭመቂያው ማሽን ታጠፈ፤ አልተሰነጠቀም። አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ 2288።

በስምንተኛው ቀን አሮጌው ስፌት በሞላ ተቆርጦ ወጣ። ዊላዲን በጎኗ ተጋድማ ገባች። ቦታው ጠቧል፤ ወይም እሷ ሰፍታለች። ቱዬት መብራት ያዘችላት።

«ብሩሽ።»

«ሰማያዊ ነው» አለች ቱዬት እያቀበለቻት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሦስት ጊዜ አይቻለሁ።»

«አራተኛ እዪው።»

ኮሚሽኑ መጥቶ ሁለት ቀን ቆየ። አሥር ዓመት ተጠይቆ ስድስት ሰጠ። ከአባላቱ አንዱ ሁለቱን የራጅ ፊልሞች፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን፣ ጎን ለጎን ይዞ፣ «ማንም ያልጠየቃቸውን የሚከፍቱ ከሆነ የቀረው ሥራቸውም ይታመናል» አለ ይባላል። ወሬውን ያመጣው ያ የክሬን ሠራተኛ ስለሆነ እርግጡን መናገር አይቻልም።

«ስድስትም ስድስት ነው» አለ ሎት፣ መርከቧ በምትወጣበት ጠዋት ሊሰናበታት ወርዶ። ደብተሩን ገለጠ። «የመጨረሻዋ ስም አልወጣላትም። 'ሚስ ዊላ' ልላት ነበር፤ መርከበኞቹ ግን ከአማት ጋር በአንድ ገጽ ማስቀመጥ ነውር ነው አሉኝ።»

«'ቀይ እጀታ' ብለህ ጻፋት።»

ጻፈ። እሷም ከቱታዋ ኪስ ሁለት ብሩሾች አውጥታ ሰጠችው። ሎት ሰማያዊውን እጀታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ቆም አለ። እንጨቱ ላይ በመጋዝ የወጡ ሦስት ጥርሶች አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨፍን» አለችው። «እጅህን ወደ ኋላ አድርግ። አሁን አንዱን ላቀብልህ፤ የቱ ነው?»

«ጥርስ የለውም... ቀዩ።»

«ሌላውስ?»

«ሰማያዊው።» ዓይኑን ገለጠና ሣቀ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሳናስብ ምን ስንሠራ ነበር?»

«ዓይናችንን ስናምን።»

የቀሯትን ሳምንታት በዚሁ ጨረሰቻቸው። በግቢው ያለውን ሰማያዊ እጀታ ሁሉ እየሰበሰበች፣ ጠረጴዛ ላይ እያሰረች፣ ሦስት ሦስት ጥርስ አወጣችለት። ሥራ አስኪያጁም አዲስ የሚገዛው ሁሉ እንዲሁ ተሠርቶ እንዲመጣ አዘዘ። ጡረታ በወጣችበት ቀን ሠልጣኞቹ ምሳ ጋበዟት፤ የተጠበሰ ሙሌት ዓሣና ቀዝቃዛ ሻይ። ከመብላታቸው በፊት ግን ሁሉንም አስጨፍና፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አስዘርግታ፣ ብሩሽ በተራ አስያዘቻቸው። አንዲት ልጅ ተሳሳተች።

«አልነገርኩሽም?» አለቻት ዊላዲን። «ነይ እንደገና። ዓሣው ቢቀዘቅዝ ይቀዝቅዝ።»