የአባቴ ጉበት ጠባሳ

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ «ሚስትህ አንዳች ነገር አብልታሃለች» ካለችው ቀን ጀምሮ አባቴ ከእናቴ እጅ አልበላም። ሆዱ ተነፍቶ፣ ክንዱ ሰልሎ፣ ሾርባዋን ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከሸዋ በር ቤቷ ምግብ በዘንቢል የምታመላልስለት አክስቴ ሆነች። ጎረቤቱም ሰማ። አክስቴን ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላት፤ እዚህ ስጽፍ አልላትም።

ያኔ አባቴ በተኛበት ሆስፒታል ነርስነት እማር ነበር። ሐኪሙ የአባቴን ሆድ ሲከፍት ለምኜ ገባሁ። እንዴት እንደለመንኩት የራሴ ጉዳይ ነው።

የጤነኛ ሰው ጉበት ለስላሳና አብረቅራቂ እንደሆነ ተምሬ ነበር። የአባቴ ጉበት ግን የጀጎልን ግንብ ይመስል ነበር፤ ክብ ክብ አባጣ፣ በመካከሉም ድንጋይ እንደሚያያይዝ ጭቃ የተጋገረ ነጣ ያለ ጠባሳ። በአንድ ወገን ከሌላው የተለየ፣ ትልቅና ገርጣ ያለ እባጭ ጉች ብሏል።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ «ካንሰር ነው» አለኝ። «ጠባሳው ግን የብዙ ዓመት ነው። ድሮ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

አላውቅም አልኩት። ከዚያ ያስረዳኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጉበት ሲቆስል ራሱን ይጠግናል፤ የሞተውን ቦታ ጠባሳ ይሞላዋል፣ የተረፈውም ሥጋ የጎደለውን ለመተካት ይባዛል። ቁስሉ ካልቆመ ጥገናውም አይቆምም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ አንድ ቀን አንዱ ሥጋ መባዛቱን ማቆም ይረሳል። አባቴ ፈረስ መጋላ ገበያ ሱቁን ሲከፍት፣ ከእኛ ጋር ሲስቅ፣ ያ ሥራ በውስጡ ድምፅ ሳያሰማ ይካሄድ ነበር። ሞቱ የመጣው ሊያድነው ከሚደክም ነገር ነው። ፈጣሪን እንደዚያ ቀን ፈርቼው አላውቅም።

የቀዶ ጥገናው ቁስል ደረቅ ሲል፣ አክስቴ ከአልጋው አጠገብ፣ እናቴ በሩ ላይ ሆነው ሳሉ አክስቴን ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ አባባ ድሮ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

«ይሄ ይጠየቃል? እርድ ነበር የመሰለው! ገና ሳያገባ። የወፍ በሽታ ነው ብዬ ክንዱን በጋለ ብረት ያስተኮስኩት እኔ፣ ያዳንኩት እኔ! እናትሽ ያኔ የት ነበረች?»

«የትም አልነበረችም፣ እትዬ። ጉበቱን ጠባሳ ያደረገው ያ በሽታ ነው። እባጩም የበቀለው እዚያው ጠባሳ ላይ ነው።» ካንሰር የሚለውን ቃል በፊቱ አልጠራሁም።

«ጉበቱ ነው የነገረሽ?»

«በዓይኔ አየሁት።»

አባቴ የተተኮሰ ክንዱን ሲያሻሽ ቆየና ወደ በሩ ዞረ።

«አንቺ፣ ምነው እዚያ ቆምሽ? ነይ አጉርሽኝ።»

እናቴ እጇን ልትታጠብ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ አክስቴ ወንበሩን አልለቀቀችላትም። እናቴ ቆማ አጎረሰችው።