በማዕዘን ምቱ ቦታ ሳሩን ስናነሣ

ይህ የደረሰብኝ መቀሌ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህርት በነበርኩበት በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ግን ዶማ ከብረት ጋር ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር መዳፌን ያልበኛል። ባለቤቴና እህቶቼ ታሪኩን ያውቁታል። የሚያውቁት ግን እኔ በነገርኳቸው መልኩ ነው። አሁን ሳይጎድል ልጽፈው ነው።

ነገሩ የጀመረው በሳር ክርክር ነበር።

የኮሌጁ የእግር ኳስ ሜዳ የተፈጥሮ ሳር ነው ይባል ነበር። ክረምት ላይ እውነትም አረንጓዴ ይሆናል፤ ያኔ ግን ጭቃው አያስጫውትም። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ደግሞ ውኃ ወደ ግቢው የሚመጣው በብዙ ቀን አንዴ ስለሆነ ሳሩ ይደርቅና ሜዳው አቧራ ብቻ ይቀራል። እኔ የማሠለጥነው የሴቶቹን ቡድን ነበር። ልጆቹ ከልምምድ ሲወጡ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ ጉልበታቸው ተልጦ ነው። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ሳር ይነጠፍልን የሚለውን ሐሳብ በኮሌጁ የስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ከሁሉ በላይ የገፋሁት እኔ ነበርኩ። ውኃ አይፈልግ፣ አይታጨድ፣ ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ይጫወቱበታል።

የተቃወሙን አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አቦይ ሓዱሽ ይባላሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የሜዳው ተንከባካቢ ናቸው። መቀሌ ውስጥ ትልልቅ ወንዶችን «አቦይ» ይላሉ፣ አባቴ እንደማለት ነው፤ እኔም ከደብረ ብርሃን የሄድኩ ብሆንም በሁለተኛው ሳምንት ለምጄዋለሁ። የሜዳውን ሰርዶ ከዓመታት በፊት በእጃቸው የተከሉት እሳቸው ነበሩ። ከግቢው ካፌ የሚወጣውን የሳህን እጣቢ ውኃ በባልዲ እየተሸከሙ ያጠጡት ነበር።

አንድ ቀን ኮሚቴው ጠርቶ አስተያየታቸውን ጠየቃቸው። እኔ እንድሰማ ብለው በአማርኛ ነው የተናገሩት። ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው እንደሚፋጅ፣ ልጆቹ ሲንሸራተቱበት ቆዳቸውን እንደሚልጥ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሲበጣጠስ እንደ ሳር መልሶ እንደማይበቅል ተናገሩ። ሰውየው የተናገሩት ሁሉ ትክክል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን «አቦይ፣ ውኃውን ከየት እናምጣው?» አልኳቸው። ሰው ሠራሹ እንዲነጠፍ ተወሰነ።

ሰው ሠራሹ ሳር ከመነጠፉ በፊት አፈሩ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ተነሥቶ ጠጠር መሞላት ነበረበት። መቆፈሪያው ማሽን ሰኞ ይገባል ተባለ። አቦይ ሓዱሽ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በሕይወት ያለውን ሳር አንሥተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ መትከል። ተፈቀደላቸው። ያን ጊዜ በሕይወት የነበረው በስተምሥራቅ ያለው ማዕዘን ብቻ ነው። ልጆቼ የማዕዘን ምት የሚመቱበት፣ ባንዲራዋን የምንተክልበት ቦታ ማለት ነው። አጠገቡ ካለው ሮቶ ውኃ ስለሚንጠባጠብ አይደርቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ላግዛቸው ሄድኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ በስብሰባው ላይ የመለስኩላቸው መልስ ሆዴ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሰይድ የሚባል ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛም አብሮን ነበር። አቦይ ሓዱሽ ሳሩን ከነአፈሩ እንደ ብርድ ልብስ እየጠቀለሉ ያወጡታል፣ ሰይድ እየተሸከመ ከመስመሩ ውጭ ይከምራል። እኔ ደግሞ ሳሩ የተነሣበትን ቦታ በዶማ እያለሰለስኩ በሥር የቀረውን እለቅማለሁ።

ዶማዬ ብረት መታ።

አቦይ ሓዱሽ ቀና ብለው አዩኝና «ተዪው» አሉኝ። የሮቶው ቧንቧ ነው አልኳቸው። ደግሜ መታሁት። ድምፁ ደፈን ያለ ነው። «ጓለይ፣ ቧንቧ በዚህ አያልፍም። ተዪው፣ ሰኞ ይታያል» አሉኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ከሰኞ በፊት ቧንቧው የት እንዳለ ካላወቅን ማሽኑ ይበጥሰዋል ብዬ ተከራከርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ተዪው ሲሉኝ አጠገቤ የነበረውን ድጅኖ አንሥቼ ነበር። ጫፉን ከብረቱ ሥር ሰደድኩ፣ ከመሐል ድንጋይ አስደገፍኩለት፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት።

አፈሩ ተሰነጠቀና ነገሩ ብድግ አለ። የላዩ አፈር ሲራገፍ ዝገት የበላው ወፍራም ሆድ ታየኝ። ከወደ ኋላው አራት ቀጫጭን ክንፎች አሉት።

ያልፈነዳ ቦምብ እንደሆነ ለማወቅ ሰው እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። እጄን ላነሣ ስል የአቦይ ሓዱሽ ድምፅ ደረሰብኝ። አልጮኹም።

«ጓለይ፣ ድጅኖውን አትልቀቂ።»

ያኔ ገባኝ። ነገሩ ያለው በድጅኖው ጫፍ ላይ ነው። ብለቀው ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። እንደተጫንኩ፣ ወገቤን እንዳጎበጥኩ ደርቄ ቀረሁ።

በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል የልጆቼን ሳቅ ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አለን። አንደኛዋ ኳስ እያነጠረች ነበር፤ ጧ፣ ጧ ይላል። ኳሱን እንዳትመታው ብዬ ልጮህ ፈለግኩ፤ ድጅኖው ይነቃነቃል ብዬ ተውኩት። አቦይ ሓዱሽ ሰይድን በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱት። ሰይድ የተሸከመውን ሳር አስቀምጦ ሄደ። ሲሮጥ እንኳ በጣቱ ነበር የሚረግጠው። ቆይቶ የኳሱ ድምፅ ጠፋ። በኋላ እንደነገሩኝ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደግፎ ቆሟል፤ ልጆቹ ቢጠይቁት ቢቆጡት ከበሩ አልተነቃነቀም አሉ።

ሜዳው ላይ ሁለታችን ቀረን።

አቦይ ሓዱሽ መሄድ ይችሉ ነበር። ይሄዳሉ ብዬም ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሳሩ ክምር ሄደው ሁለት ጥቅል አቅፈው ተመለሱ። ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዳቸው ተኙ። መያዝ ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ። አልችልም ነበር። ክንዴ ዝሏል፣ ላቡ ከግንባሬ ወደ ዓይኔ ይገባል፣ መጥረግ አልችልም።

ሳሩን ከነአፈሩ በሁለት እጃቸው እያጠፉ ከነገሩ ሥር ማስገባት ጀመሩ። አንዱን አስገቡ። ሌላውን አስገቡ። ተነሥተው ሌላ አመጡ። የአምስት ዓመት ልጄን አሰብኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት ነበር የምመጣው፤ ያን ቀን አስነጥሷት ጎረቤት ጋ ትቻታለሁ። የጎረቤቴን ስልክ ከግቢው ማን እንደሚያውቅ አሰብኩ። ማንም አያውቅም።

አራተኛውን ሲያስገቡ ድጅኖው ተንሸራተተ። ብረት በብረት ላይ ሲፋቅ ሰማሁት፤ ነገሩም የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወረደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አቦይ ሓዱሽ እጃቸውን አላወጡም። ምንም አልሆነም። ከሥሬ «ኣጆኺ» ሲሉ ሰማሁ፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸውም እንደፈሩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ካወቅሁ በኋላ የባሰ ፈራሁ።

ከዚያ ስንት ጊዜ ተመላለሱ፣ አላውቅም። በመጨረሻ አሁን ቀስ አድርጊው አሉኝ። ትንሽ በትንሽ ለቀቅኩት። ነገሩ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ድጅኖው ባዶ ሆኖ ቀለለኝ። ጣቶቼ ግን አልፈታ አሉኝ፤ አንድ በአንድ የፈቱልኝ አቦይ ሓዱሽ ናቸው። የእጄን አንጓ ይዘው፣ ሳያስሮጡኝ፣ የሜዳውን ርዝመት አቋርጠን ሄድን። በወዲያኛው ጎል በኩል ስንደርስ ተቀመጥኩ።

ፈንጂ የሚያመክኑ ወታደሮች ከሰዓት በፊት ደረሱ። ግቢው ባዶ ተደረገ። አለቃቸው ከጉድጓዱ ተመልሶ ከድሮው ጦርነት የቀረ የሞርታር ጥይት እንደሆነና ገና ሊፈነዳ እንደሚችል ነገረን። ሳሩን ማን አስገባ ብሎ ጠየቀ። አቦይ ሓዱሽ እኔ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይደረግ፣ ለሰው የሚበጀው አለመንካት ብቻ እንደሆነ ተቆጣቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንዴት እንዳገኘነው ጠየቀኝ። ሳሩን ስናነሣ ድንገት አብሮ ተነሣ አልኩት።

ውሸት ነበር። ሦስት ጊዜ ተዪው መባሌን አልተናገርኩም። አቦይ ሓዱሽ አጠገቤ ቆመው ነበር። ቃሌን በደንብ ሰሙት። አላረሙኝም፤ ወደ እኔም አልዞሩም።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ውጭ ወስደው አፈነዱት። ቤቴ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ፣ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ልጄ ነጎድጓድ ነው አለች። እሺ አልኳት።

ሜዳው በሙሉ በመሣሪያ ተፈተሸ፣ ሌላ አልተገኘም። ሰው ሠራሹ ሳርም ተነጠፈ። ኮሚቴው ውስጥ ሐሳባቸውን ቀይረው ሳሩ ይሻል ነበር የሚሉ ባንቆፍር ኖሮ አይነካንም ነበር አሉ፤ ሰው ሠራሹ ይሻላል የሚሉ ደግሞ ባንቆፍር ኖሮ እስከ ዛሬ በላዩ እንጫወት ነበር አሉ። ልጆቼ ከአቧራው ተገላገሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ከሙቀቱ የተነሣ መቆም አይቻልበትም ነበር፤ ጭናቸውም ይላጥ ነበር።

ከኮሌጁ ልለቅ በተቃረብኩበት ሰሞን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሰርዶውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ያን ቀን ለምን እንዳልሸሹ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ብሸሽ አንቺ ትለቂው ነበር» አሉኝ።

ስለ ውሸቴም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ባልዲውን አንሥተው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ተከትያቸው መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም።

ሰዎች ያን ቀን ከምን እንደተረፍኩ ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ጥይቱን አስቤ ከእንቅልፌ መባነን ከተውኩ ቆይቻለሁ። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከበሩ ውጭ አሥራ አምስት ልጆች ነበሩ። ሰይድ ነበር። በሆዳቸው የተኙት ሽማግሌ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ በእኔ እልህ ጫፍ ላይ ቆመው ነበር፤ ሲጠይቁኝ ደግሞ ድንገት ነው አልኩ። አቦይ ሓዱሽ፣ ድንገት አልነበረም።