የዱባይ ተራው «ሻምፒዮን»

ይህ ነገር የገጠመኝ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ዓመታት አልፈውታል። ግን ዛሬም በመርካቶው ዱባይ ተራ በኩል ሳልፍ አንድ ሰው «ሻምፒዮን!» ብሎ ከጠራኝ እስከ ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ። የሚጠሩኝ ለማሾፍ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የሚጠሩኝ።

ያኔ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና እማር ነበር። «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚለው ቃል ከየስብሰባው የማይጠፋበት ዘመን ነው። ኮሌጆች በየዓመቱ የክህሎት ውድድር ያደርጉ ነበርና በዚያ ዓመት በጥገና ኮሌጃችንን እንድወክል የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ያሸነፈ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ያልፋል። ኮሌጃችን ደግሞ ካሸነፍኩ በረዳት አሰልጣኝነት ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኛል። ከተመረቅኩ በኋላ የምይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ውድድሩ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ኮሌጁ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ተሻምተን የምንነካቸው ስለሆኑ መለማመጃ የለኝም። ስለዚህ ከክፍል ስወጣ በቀጥታ የምሄደው ጋሼ ነስሩ ሱቅ ነበር። ጋሼ ነስሩ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እያስመጡ ዱባይ ተራ ይሸጣሉ። እኔ የተበላሸውን እጠግንላቸዋለሁ፣ እሳቸው እንደ ልቤ እንድፈታታ ይፈቅዱልኛል። «በል ኢንጂነር፣ ይቺን በትናትና መልሰህ ግጠማት» ይሉና የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቀን በቀን እየፈጠንኩ መጣሁ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። እነዚያ ኮምፒውተሮች ከጀርባቸው፣ የመብራት ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ቀይ መቀያየሪያ አለቻቸው። ወደ አንድ ጎን ስትገፋ ለአሜሪካ መብራት፣ ወደ ሌላው ስትገፋ ለእኛ መብራት ትሆናለች። የእኛ መብራት ከእነሱ እጥፍ ኃይል አለው። ቀይዋ በአሜሪካው በኩል እንዳለች ኮምፒውተሩን እኛ አገር የከፈተው ሰው ወዮለት። ስለዚህ ጋሼ ነስሩ ዕቃ እንደገባላቸው ቀይዋን ወደ እኛ ይገፏትና ማንም እንዳይነካካት የቁስል ፕላስተር ይለጥፉባታል። እኔ እጅ የገባ ኮምፒውተር ሁሉ ጀርባው እንደታሸገ ነው።

ከጎናችን ሻርፕና ቀሚስ የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ ደግሞ ልምምዴን እንደ ድራማ ይከታተሉት ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ መዳኑን በምን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ስከፍተው ድምፅ ካሰማ ድኗል ማለት ነው» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፤ ደህና ኮምፒውተር ሲከፈት አንዴ «ጢጥ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢጥ ባለ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ!» ይላሉ። ቀስ በቀስ የተራው ነጋዴ ሁሉ ለመደውና «ዳነ!» የማይል ጠፋ።

ውድድሩ የዋለው በሥራ ቀን ነበር። የመርካቶ ነጋዴ በሥራ ቀን ሱቁን የሚዘጋው ለቀብር ነው። እነሱ ለእኔ ዘጉ። ሚኒባስ ተኮናትረው ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ መጡልኝ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከአሰልጣኛቸው ጋር ጭምት ብለው ተቀምጠዋል፤ የእኔዎቹ የኋላውን ወንበር ሞልተው «አይዞህ ኢንጂነር!» ይላሉ። ኮራሁ። አልዋሽም፣ ትንሽ አፈርኩም።

ሥራው የተበላሸ ኮምፒውተር መርምሮ፣ መብራት ተቀብሎ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ቀይሮ፣ ገጣጥሞ ማስነሳት ነበር። እጄ አእምሮዬን አልጠበቀም። ሌሎቹ ገና ብሎን ሲፈቱ እኔ አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ከካርቶኑ አውጥቼ ገጥሜ ገመዶቹን እየሰካሁ ነበር። ጀርባውን አላየሁም። ለወራት ስለማመድ ጀርባ ማየት የሚባል ነገር አልለመድኩማ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው።

«ጨርሻለሁ» አልኩ። ዳኛው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው መጡ። ዞር ብዬ ሰዎቼን አየኋቸው። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጢጧን ይጠብቃሉ። ማስነሻውን ተጫንኩ።

ጧ!

ጥይት የተተኮሰ ነው የመሰለኝ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጭስ ተነሳ። የአዳራሹ መብራት ድርግም አለና የሌሎቹም ተወዳዳሪዎች ሥራ አብሮ ቆመ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ከዚያ ድፍን አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ጆሮዬ በፍንዳታው ስለደነዘዘ የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም፤ «ዳነ!» ሲል ጮኸ። «ዳነ! ዳነ!»

ይኼኔ እትዬ ዘይነባ እልልታውን ለቀቁት። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። በጨለማውና በጭሱ መሃል የዱባይ ተራ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች መሳቅ ጀመሩ። ፍንዳታው ያልበቃ ይመስል! ያንን መጀመሪያ ያጨበጨበ ሰው በልቤ ረገምኩት። ምናለ የማያውቀው ነገር ውስጥ ባይገባ አልኩ። ያኔ ባገኘው አንቀው ነበር።

ዳኛው ጠጋ ብለው «ደጋፊዎችህ ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ቀይዋን መቀያየሪያ ሳታያት ቀረህ፤ በአሜሪካው በኩል ነበረች» አሉኝ በዝግታ። አንገቴን ደፋሁ። ለእኔ ውድድሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ውጤት እስኪነገር እንኳ አልቆየንም። ጋሼ ነስሩ «በሉ በሉ፣ ሱቅ ተዘግቶ አይዋልም!» እያሉ ሰዉን ሁሉ ወደ ሚኒባሱ ነዱት። እትዬ ዘይነባ ከሱቃቸው ያመጡትን አዲስ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። መንገዱን ሁሉ «ሻምፒዮን! ሻምፒዮን!» የሚል ጭፈራ ሆነ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ነስሩ ከፊት ወንበር ሆነው «ልጁን ተዉት፣ ደክሞታል፣ ይረፍ» ይላሉ። ሻርፑ አንገቴ ላይ ከበደኝ።

በነጋታው ጠዋት ልናዘዝ ሱቃቸው ሄድኩ። ጋሼ ነስሩ ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ቁጢጥ ብለው ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ይልጣሉ።

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ አላሸነፍኩም» አልኳቸው። «ፈንድቶብኝ ነው።»

ቀና አላሉም። «ድምፁን የማላውቀው መሰለህ? መጀመሪያ ያስመጣሁትን ዕቃ በምን የጨረስኩት ይመስልሃል? ጧ! ጧ! እያለ ነው ያለቀው። ታዲያ ይኼ ፕላስተር ከየት መጣ?»

ደነገጥኩ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ አሳምረው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ያጨበጨበው...»

«ወላሂ፣ እጄ ነው የቀደመኝ» አሉ። «ይኼ ሁሉ ሰው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አንተ ስትዋረድ አይቶ ይመለስ? የፊተኞቹ እንደሆኑ መሳቃቸው አይቀርም፤ በእኛ ይሳቁ።» አንድ ፕላስተር ላጡና «ሥራው ግን ቀረብህ። እሱን በጭብጨባ አልመልሰውም። ሳታይ መግጠም ያስለመድኩህ እኔው ነኝ። በል ና፣ ቀሪውን እንላጥ» አሉኝ።

ጎናቸው ቁጢጥ አልኩ። እስክንጨርስ ድረስ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ረዳት አሰልጣኝነቱ ለሌላ ሰው ሄደ። እኔ እዚያው ሱቅ ሠርቼ ቆይቼ በኋላ የራሴን ጥገና ቤት ከፈትኩ። ዛሬ ማንኛውንም ኮምፒውተር ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ጀርባውን አያለሁ። እትዬ ዘይነባ አርጅተዋል፤ ቢሆንም ባዩኝ ቁጥር ደንበኞቻቸውን አስቁመው «ይኼ ልጅ እኮ ውድድር ላይ ኮምፒውተሩን ሲያድነው ድምፁ አዳራሹን አናወጠው!» ይላሉ። ጋሼ ነስሩ አጠገባችን ካሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዬን እቀበላለሁ።

ፍንዳታውንስ ትቼዋለሁ፤ ስንቱ ባለሙያ ያፈነዳል። የሚያሳፍረኝ በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሌለ እርግማኔን ያወረድኩበት ሰው ማን እንደነበር ማወቄ ነው። ለሁሉ ነገር ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ይኼን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።